ወፍጮው ሲነሳ

መሳፍንት የሚባለው ሰውዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ በራችንን ባንኳኳ ለት መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ነጭ ነበር። ክረምቱ ወጣ ከመባሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ወይ ጭቃ አያውቅም፣ ወይ የሚያጥብለት ሰው አለው። ይኼኛው ሁለቱንም ነበር።

ስሙን ከመናገሩ በፊት አያቱ የደብረ ኤልያስ ሰው መሆናቸውን ነገረኝ። ከሸገር የሚመጣ ሁሉ እዚህ ሲደርስ አንድ አያት ያወጣል። ደብረ ኤልያስ ያን ሁሉ የልጅ ልጅ ወልዶ ከሆነ እስካሁን ቦታ መጥበብ ነበረበት። አያት የሚያስቀድም ሰው ደግሞ የሚፈልገው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ከበሩ ሳልነቃነቅ ጠበቅሁት። የፈለገው የጋሼ እንዳላማውን አምፕሊፋየር ነበር።

ጋሼ እንዳላማው የእናቴ አጎት ናቸው። እናቴ ባሕር ዳር ካገባች ወዲህ እሳቸው በአንዱ ክፍል እኔ በሌላው እንኖራለን፤ በመሀላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ማሳል እንኳ አይከለክልም። በልጅነታቸው ዲማ ሄደው ዜማ ሲማሩ ቆይተው ነበር። አንድ ቀን በሰው ሬዲዮ ጊታር ሰሙና ደበሎውን ጥለው ኮበለሉ። በደርግ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን ጊታር መቺ ሆኑ። ቡድኑ ሲበተን ሁሉም እጁ ላይ ያለውን ይዞ ቀረ፤ ከበሮ የያዘ ከበሮ፣ ማይክ የያዘ ማይክ። ለሳቸው የቀረችላቸው ጊታሯና ይኼ አምፕሊፋየር ነው። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ሁለት ጎረምሳ የሚሸከመው፣ ፊቱ ላይ ጨርቅ የተወጠረ የእንጨት ሣጥን። ከኋላው እንደ አምፖል የሚበሩ የብርጭቆ ቫልቮች አሉት። ጊታሩን የሚያናግሩት እነሱ ናቸው። እስኪሞቁ ድረስ ትንፍሽ አይሉም፤ ሲሞቁ የተቃጠለ አቧራ ይሸታሉ።

የጋሼን ጣቶች ሪህ ከያዛቸው ወዲህ የምመታበት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም። የብየዳ ካውያ አያያዝ ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድሁት። የአምፕሊፋየሩንም ሆድ ከፍቼ የተቃጠለ ሽቦውን የቀየርሁለት እኔ ነኝ። ጋሼ በኔ ትምህርት ውስጥ ያላቸው ድርሻ ሁለት ቃል ነው። ከግድግዳው ማዶ ሆነው ይሰሙኛል፤ ካልተስማማቸው "አይደለም" ይላሉ። ምኑ እንዳልሆነ አይናገሩም። ዲማ ላይ የኔታ እንደዚያ ነበር የሚያስተምሯቸው፤ ተማሪው ስህተቱን ራሱ ቆፍሮ እስኪያገኘው ድረስ ያስደግሙታል። የተስማማቸው ቀን ደግሞ "እለፊ" ይላሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና ከሳቸው የጠበቀ ሰው አላውቅም።

አሁን ወደ ወፍጮው ልምጣ።

አጥራችንን የሚዋሰነው የወይዘሮ ጤናዬ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ሲነሳ የኛ ቤት አምፖል እንደ ኩራዝ ይፈዛል። ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል፤ እኔ ግን አልራገምም። መብራቱ ሲደክም ቫልቮቹ ይራባሉ። ሲራቡ ድምፃቸው ይለወጣል። በጥጋባቸው ጊዜ እንደ ሹም ልጅ ጥርት ብለው፣ ደረቅ ብለው ይጮኻሉ። ሲራቡ ግን ጎርነን ይላሉ፤ ጠንከር አድርጌ ስመታቸው ድምፁ ጠርዙ ላይ ይሰበራል፣ ቀስ ስላቸው ደግሞ ያለቃቅሳሉ። በቴስተር ለክቼዋለሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ መሆን ያለበት መቶ ሰባ ድረስ ይወርዳል። ጋሼ "እለፊ" ያሉኝ ወፍጮው ሲፈጭ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም፤ በሳቸው የጉርምስና ዘመን የከተማው መብራት በናፍጣ ሞተር ነበር፣ ትርዒት በሚጀመርበት ሰዓት ሁሉም ቤት አብርቶ ስለሚደክም በጭላንጭል ነበር የሚዘፈነው። ይኼን ራሳቸው እየሳቁ ነው ያጫወቱኝ። ከድምፁ ጋር ግን አላያያዙትም። ያያያዝሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ወፍጮው ሲቆም "አይደለም" ቢሉኝም ጥፋቱ የመብራቱ ነው ብዬ እተኛለሁ።

መሳፍንት ገብቶ ተቀመጠና ሥራውን ማስረዳት ጀመረ። ለጋሼ በአጭሩ፣ ለኔ ደግሞ በእጁ ምልክት ጭምር፣ ጡት እንደሚያስጥል ሰው እያባበለ። አገር ላገር እየዞረ የድሮ አምፕሊፋየር ያድናል። ከኮምፒውተሩ የታወቀ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል፣ የሚወጣውን በማይክ ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን እያስተያየ የአምፕሊፋየሩን ጠባይ ያጠናል። ካጠና በኋላ ጊታር ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ የሚወጣው የዚያ አምፕሊፋየር ድምፅ ነው። ካፕቸር ይሉታል። አምፕሊፋየሩ ቢሞትም ድምፁ ይኖራል።

"ገባሽ?" አለኝ።

"ትንሽ ትንሽ" አልሁት።

እንዲህ ያለ ፋይል የፈረንጆች አምፕሊፋየር የተጠናበት ሁለት ሦስት ከኢንተርኔት አውርጄ በተሰነጠቀው ላፕቶፔ ሞክሬ እንደጣልሁት አልነገርሁትም። ፎቶ የተነሳ ወጥ ይመስሉ ነበር።

ፋይሉ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። እሱ ግን አምፕሊፋየሩንም ፈለገ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች የሚጠበቁበት ደረቅ ክፍል አለው፣ መለዋወጫ ቫልቭም ከውጭ አስመጥቷል። እዚህ ያለው አንደኛው ቫልቭ ውስጡ መጥቆሩን አሳየን። እኔም ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ስለማይገኝ ነው ዝም ያልሁት። ጋሼ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ በክረምቱ የፈሰሰበት ቦታ ካርታ ሠርቷል።

"እኔ ስሞት የዶሮ ቆጥ ነው የሚሆነው" አሉ።

እዚያው ቆሜ ነበር። "የብርጓል አለች" አላሉም። ስሜን ረስተውት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት ወንበር አምጪ ብለው ጠርተውኛል።

ከዚያ ጋሼ ውላቸውን ተናገሩ፤ እንደ ዲማ ተማሪ ድምፃቸውን ቀና አድርገው።

"ድምፄ እዚያ ኮምፒውተርህ ውስጥ ከተገኘ እንጨቱን ውሰደው፣ ምርቃቴን ጨምሬ። ካልተገኘ ግን እንጨቱ እዚሁ ይበስብስ። ፈታኙ እኔ ነኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። የኔታ እንደዚያ ነበር የሚፈትኑን።"

መሳፍንት እጅ ነሣ። እንደዚህ ያለ ፈተና አሥር ጊዜ አልፎ፣ የአምፕሊፋየሮቹ ባለቤቶች ራሳቸው መለየት አቅቷቸው እንደነበር ነገረን። ከዚያ ስለ ወፍጮው ጠየቀ፤ ጩኸቱ ለማይኩ አይመቸውም። ወይዘሮ ጤናዬ በአጥሩ ላይ ሆነው፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ በሚካኤል እንኳን ወፍጮ ምላሴንም አላዞር አሉት። እሱ በደስታ እጁን አጨበጨበ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ሰፈሩ ጸጥ፣ አምፖላችን ደግሞ እንደ ሙሽራ ቦግ ብሏል። መሳፍንት ይኼም አልበቃውም። ከመኪናው አንድ የቢራ ሣጥን የሚያህል ስታቢላይዘር አወረደ፤ የመብራት ከፍ ዝቅ ማለትን የሚያስተካክል። ገዝቶ እንዳመጣው በሬ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና፣ "ሁለት መቶ ሃያ፣ ፍንክች የለም" አለኝ። በርና መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ ጀመረ፤ ፉጨት፣ ፍስስታ፣ እንደ ቆሎ መንጣጣት፣ እንደገና ፉጨት። ወይዘሮ ጤናዬ በሚካኤል ለት ከቤታችን ጋኔን እየወጣ ነው ብለው ጠበል ላኩልን። ጠበሉን ጠጣሁት፤ ጠምቶኝ ነበር።

ፈተናው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ። የምመታው እኔ ነኝ፤ መሳፍንት ሽቦውን አንዴ ወደ ኮምፒውተሩ አንዴ ወደ አምፕሊፋየሩ ይቀይራል። እሱ ባመጣው ስፒከር ፋይሉን ሰሙ። ጋሼ "አይደለም" አሉ። ደስታዬን ዋጥሁት። መሳፍንት ሽቦውን ቀየረ፤ ያንኑ መታሁ።

"አይደለም" አሉ ጋሼ ደግመው።

መሳፍንት ወደኔ አየና ፈገግ አለ። እኔ ምን እንደመጣ ገባኝ።

"ጋሼ፣" አለ በለስላሳ ድምፅ፣ "የአሁኑ እኮ ከኮምፒውተሩ አይደለም። የራስዎ አምፕሊፋየር ነው።"

ጋሼ ጋቢውን ገፈፍ አድርገው ዞሩ። ሣጥኑን አዩት። ሽቦው እሱ ላይ ተሰክቷል። መንገድ ላይ የገዛ ልጁን ሳያውቀው እንዳለፈ ሰው አዩት።

መሳፍንት ቢስቅ ይሻል ነበር። አዘነላቸው። ጆሮ እንደ ዓይን እንደሚያረጅ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ ሰው በወጣትነቱ የሰማውን በልቡ እያሳመረ እንደሚያቆየው፣ ይኼም የሚያሳፍር እንዳልሆነ አስረዳቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ድምፅ ምናልባት ከልባቸው ውጭ የትም የለም አላቸው። በዚያ ነጭ ጫማ ቆሞ፣ ራሱ ባመጣው ዕቃ ድምፁን ገድሎ፣ የሰውየውን ጆሮ ይቀብራል። ለቅሶ ላይ እንደሚናገር ሰው እጁን ከፊቱ አጣምሮ ነበር።

"ይሆናል" አሉ ጋሼ። "ጆሮም ያረጃል።"

በውሉ መሠረት ፋይሉ ወድቋል፤ አምፕሊፋየሩ ይቀራል። መሳፍንት አልተከራከረም፤ ከሽማግሌ ጋር አልጣላም የሚል ዓይነት ጨዋነት ነበረው፣ ከስድብ የሚከፋው ዓይነት። ዲማና መርጡለ ማርያም ደርሶ ቅዳሜ እስኪመለስ ዕቃውን እኛ ዘንድ አስቀምጦ ሄደ። እኔ አሸንፌያለሁ። አፌን ከመዝጋት ሌላ ምንም ሳላደርግ አሸነፍሁ።

ማክሰኞ ወፍጮው ተነሳ። አምፖሉ ፈዘዘ። ቁጭ ብዬ የማውቀውን ሁሉ አሳምሬ መታሁ፤ አምፕሊፋየሩም እንደዚያ ቀን አልቅሶልኝ አያውቅም። ከግድግዳው ማዶ ምንም የለም። ረቡዕም ምንም የለም። ሐሙስ ሆን ብዬ አበላሸሁት። የሰፈር ውሻ የሚያስነሳ ስህተት ተሳሳትሁ፣ ደገምሁት። ዝም። ጊታሩን ጥዬ ወደሳቸው ክፍል ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያያሉ።

"አልሰሙኝም?" አልኋቸው።

"ሰማሁሽ።"

"ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። የቤቴን ሣጥን ድምፅ የማላውቅ ሰው።"

ዓርብ ኪዳነ ምሕረት ነበር፤ አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ጋሼ ዜማውን ትተው ቢኮበልሉም ጆሯቸው አብሯቸው አልኮበለለም። ወጣት ዲያቆን ሲስት ከሕዝቡ መሀል ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ዲያቆናቱ ከመቅሠፍት አብልጠው ይፈሩታል። ስንቱ ዲያቆን "ያ ዘፋኝ" እያለ እንደሚራገማቸው አውቃለሁ። ያን ዓርብ አንዱ ዲያቆን ክፉኛ ሳተ፤ ዜማ የማላውቀው እኔ እንኳ ጆሮዬን አሳከከኝ። ዲያቆኑ ራሱ ወደ ጋሼ አየና ጠበቀ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ። ስንወጣ አንዲት ሴት ጋሼ አሟቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ለሳቸው አዝኜ ነው ብዬ አልዋሽም። ማዘን የመሳፍንት ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚያስጠላ አይቼዋለሁ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያ ሰውዬ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ጎጃም ውስጥ አንድ ሽማግሌ የገዛ አምፕሊፋየራቸውን መለየት አቃታቸው እያለ በሻይ ሰዓት ሊያወራ ነው። አምፕሊፋየሩ እኔ ዘንድ ይቀራል፣ ከማዶው ግን የሚሰማው የለም። ደግሞስ ትክክለኛውን ነገር እኔ አውቄ እሱ ሳያውቅ፣ እሱ ግን እንዳወቀ ሆኖ እንዴት ይሄዳል? ይኼንን መታገስ ለጻድቃን ነው፤ እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ በቀጥታ ወይዘሮ ጤናዬ ዘንድ ሄድሁ። ቅዳሜ የገበያው እህል ሲመጣ በየቁናው እያስነሱ እያቆሙ እንዳይፈጩት፣ እስከ ከሰዓት እንዲያጠራቅሙትና አንዴ ካስነሱ እስኪመሽ እንዳያቆሙ ለመንሁ። ድምፁን ስቀዳ ወፍጮው ቢቆም መብራቱ ይነሳል፣ ሥራዬም ከንቱ ይሆናል። በዚያ ላይ ለሰኞ ያደረውን የጤፍ ጆንያ እንዲያውሱኝ ጠየቅሁ።

"ለዚያ ጋኔን ነው?" አሉኝ።

"ለሱ ነው።"

"ጠበሉ አልያዘውም?"

"እኔ ጠጣሁት፣ እትዬ ጤናዬ።"

"ለዚህ ነዋ ወዳንቺ የዞረው። እንግዲያው በጥር የልጄ ሠርግ ላይ ትመቺያለሽ፤ ያን የሚያለቅሰውን ሳይሆን የሚያስጨፍረውን።"

ተስማማሁ። ቅዳሜ ከገበያ እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለው፣ እኔ ከጎረቤት ጎረምሶች ጋር የጤፍ ጆንያ ስሸከም እያዩ አላገጡብኝ። የጆንያዎቹ ባለቤት ከመሀላቸው ነበረች፤ ጤፌ ዘፈን ሰምቶ አልቦካም ቢል አንቺን ነው የማቦካው አለችኝ። ጆንያዎቹን በአምፕሊፋየሩ ዙሪያ እንደ ግንብ ደረደርሁ፤ ከላይም ሳንቃ ጣል አድርጌ ከደንሁት፣ ለማይኩ ብቻ ቦታ ትቼ። ጤፍ ድምፅ ይበላል። ብርድ ልብስ ለማን ነው?

መሳፍንት ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጫማው ነጭነቱን ዲማ ጥሎት መጥቷል። ግንቡን አየና ሳቀ፣ ከዚያ የፈዘዘውን አምፖል አየና ደነገጠ። ወደ ስታቢላይዘሩ ሲሄድ መንገዱ ላይ ቆምሁ።

"እሱን ተወው።"

"መቶ ሰባ ላይ ነው እኮ ያለው። ቫልቮቹ ይጎዳሉ።"

"ሃምሳ ዓመት ተጎድተዋል። ዛሬ አንተ መጥተህ ልታዝንላቸው?"

ከዚያ ነገርሁት፤ የናፍጣውን ሞተር፣ ወፍጮውን፣ ሚካኤልን። ሰኞ ያጠናው አምፕሊፋየር በዚህ ከተማ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አምፕሊፋየር መሆኑን። ጋሼ ሁለቴ "አይደለም" ያሉት ሁለቴም እውነታቸውን መሆኑን። በጥፊ የመታሁት ያህል እንዲሰማው በቀስታ ነው የነገርሁት። እሱ ግን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም። በመሀል ገባው። ጭንቅላቱን ያዘ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ፣ ስለ ቫልቮቹ ርሃብ እኔ ያላሰብሁትን ሁለት ነገር ተናገረ፤ ሁለቱም ልክ ነበር። ሞኝ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

"ግን ታውቂያለሽ አይደል?" አለኝ። "ጋሼ ካሳለፉት ሣጥኑ ይሄዳል።"

"አውቃለሁ። ተነሥና ማይኩን ያዝ።"

ኮምፒውተሩን የነካሁት እኔ ነኝ። ወፍጮው እየጮኸ፣ አምፖሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ፉጨቱና ቆሎው ከጤፉ ግንብ ውስጥ ገብቶ ወጣ። አንድ ጊዜ ማይኩን አራቅ ልናድርገው አለኝ፤ አይሆንም አልሁት፤ አልተከራከረም። ኮምፒውተሩ ሲያጠና አብረን ጠበቅን። ዳቦ አቀረብሁለት። የበላውን ያህል አላወራም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ነገር አደረገ።

ሊመሽ ሲል ጋሼን ልጠራ ገባሁ። እምቢ አሉ። ለፈተና የሚቀመጥ ጆሮ እንደሌላቸው፣ የወጣቶች መሳቂያ መሆን እንደማይፈልጉ ተናገሩ።

"አንዴ ብቻ ይስሙ" አልሁ። "ዛሬም ካልሆነ ጆሮዎን እኔው ራሴ እቀብረዋለሁ። መሳፍንት ይዘምራል።"

ይኼ አስነሳቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ወፍጮው አሁንም እየፈጨ ነው። ጆንያዎቹን ከፊቱ ገለል አድርገን፣ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ ላይ መታሁ። ሳልጨርስ የጋሼ ጀርባ ቀና ሲል አየሁ።

"እለፊ" አሉ።

መሳፍንት ሽቦውን ቀየረ። በስፒከሩ ያንኑ መታሁ፤ ጠንከር ስል ጠርዙ ላይ ተሰበረ፣ ቀስ ስል አለቀሰ። እጄ ልዩነቱን ፈለገ። ላገኝለት ፈልጌ ነበር፣ አንድ የሆነ ጉድለት፣ የሆነ የፎቶ ጠባይ። ጋሼ ከመጀመሪያው አስረዝመው ቆዩ።

"እለፊ።"

ሰኞ የተጠናውንም ፋይል ሰደድንባቸው። እሱን ሦስተኛው ምት ላይ "አይደለም" ብለው ቆረጡት። ከዚያ ወደኛ ዞሩ፤ ነገሩን ነገርኋቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ወደ አምፖሉ አዩ፣ በግድግዳው በኩል ወደ ወፍጮ ቤቱ አዩ።

"ለካ ጤናዬ ናት ስታሳምርልኝ የኖረች" አሉ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ሳቁ። ጆሮ ያረጃል ያለኝ የታለ ብለው መሳፍንትን ጎን ጎኑን በክርናቸው ይጎሽሙታል፤ እሱም እየደጋገመ ይቅርታ ይጠይቃል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲያ ሲጠርጉ የነገው ዲያቆን አሳዘነኝ።

ሲረጋጉ አምፕሊፋየሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ቃል ቃል ነው" አሉት መሳፍንትን። "እንጨቱን ውሰድ። ከዝናብ ጠብቀው።"

እኔን አላዩኝም ልል ነበር፤ አይተውኛል። ድምፁ እኮ አንቺው ዘንድ ቀረ አሉኝ፣ እንደ ትልቅ ስጦታ። ተይው፣ ይቅር፣ የየብርጓል ነው እስኪሉ ጠበቅሁ። ፊታቸው ግን ከወጣትነታቸው ፎቶ የወጣ ይመስል ነበር፤ እንዲህ ደስ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ በራሴ ነጠላ ጠቀለልኋቸው። መሳፍንት ልርዳሽ አለኝ፤ ትሰብራቸዋለህ አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረምሶቹ ሣጥኑን መኪናው ላይ ጫኑት። መሳፍንት ፋይሉ ላይ የሠራው ሰው ስም መኖር አለበት አለኝ፤ የኔን ሊጽፍ።

"ጤናዬ ብለህ ጻፍ" አልሁት።

"የምሬን ነው።"

"የምሬን ነው እኔም። ያሳመረችው እሷ ናት።"

ጻፈው። ከዚያ አዲስ አበባ ብመጣ እንዲህ ያለ ሥራ አብረን ልንሠራ እንደምንችል ተናገረ፤ ከልቡም ነበር። ነጭ ጫማ የለኝም አልሁትና በሩን ዘጋሁ።

ሣጥኑ የነበረበት የወለሉ ቦታ አቧራ ስላልነካው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ላፕቶፑን እዚያ አላስቀምጠውም፤ አልጋዬ ላይ ይመቸዋል። ከስልክ ቤቴ አንድ ስፒከር አምጥቼ አገናኘሁት። መሳፍንት የገለበጠልኝን ፋይል ከፈትሁ። ለመሞቅ ጊዜ አይፈልግም። ምንም አይሸትም።

በማርያም ወፍጮው ቆመ። አምፖሉ ቦግ ብሏል፣ ሰፈሩ ጸጥ። ጊታሩን ሰክቼ መታሁ፤ ድምፁ ያው የቅዳሜው ነው፣ የተራበው፣ የሚሰበረው። ወፍጮ ተነሳ አልተነሳ፣ ሚካኤል ሆነ ማርያም፣ እሱ ምን ቸገረው። አንድም የሚወጣለት እንከን የለም። ይኼን ነው የጠላሁበት።

የማውቀውን ሁሉ መታሁ። ከግድግዳው ማዶ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አይደለም" አሉ።

ወፍጮው ቆሟል ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ላፕቶፑን አየሁት፤ እሱ ወፍጮ አያውቅም። አፌን ዘጋሁ።

"ድገሚ" አሉ ጋሼ።

ደገምሁት።